ጀርባውን የሚሰጠው ወፍ፦ ናሪና ትሮጎንን በጫካ ውስጥ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ በቀለም ከናሪና ትሮጎን የሚስተካከሉ ወፎች ጥቂት ናቸው። ራሱ፣ ደረቱና ጀርባው የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ፣ ሆዱ ደም የመሰለ ቀይ ነው። እንዲህም ሆኖ ሦስት ቀን ሙሉ ደን ለደን ዞሮ ሳያየው የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ወፉ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ከሴራሊዮን እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚገኝ፣ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ወፎች ተርታ ያልገባ ወፍ ነው። ችግሩ ያለው አፈላለጉ ላይ ነው። ሰው ቀይ ነገር እየፈለገ ይራመዳል፤ ወፉ ደግሞ ኮቴ ሲሰማ ቀዩን ወዲያ አዙሮ፣ አረንጓዴ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቅጠል መስሎ ዝም ይላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በጆሮ፣ ቀጥሎ በቅርጽ፣ ቀለም መጨረሻ። ይህ ከተገለበጠ ጠዋቱ በከንቱ ያልፋል።

ጫካ ከመግባት በፊት፦ ወፉን ሳታዩት እወቁት

ከምንቃሩ እስከ ጭራው ጫፍ ከ32 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ብዙው ርዝመት ጭራ ስለሆነ ሰውነቱ ከዋኖስ ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቱም 100 ግራም አይሞላም። የወንዱ አረንጓዴ ደረቱ ላይ ያበቃና ከዚያ በታች ቀይ ይሆናል፤ የሁለቱ ድንበር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። የታጠፈው ክንፉ ላይ ግራጫ ሰሌዳ አለ፤ በባይኖኩላር ቀረብ ብሎ ሲታይ በቀጫጭን ጥቁር መስመሮች የተሞላ ነው። ምንቃሩ አጭር፣ ወፍራምና ቢጫ ነው። ሴቷ ጀርባዋ እንደ ወንዱ አረንጓዴ ሲሆን ፊቷ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ግን ቡናማ ነው፤ ቀዩም የደበዘዘና ወደ ሮዝ ያደላ ነው። ገና ያልጎለመሰው ወፍ ክንፉ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ በቃላችሁ ልትይዙት የሚገባው አቀማመጡን ነው። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ አንገት ያለው አይመስልም፤ ጭራው ከቅርንጫፉ በታች ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ከሩቅ ሲያዩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቅል ይመስላል። ከሥር ለሚያየው ሰው የጭራው የዳር ላባዎች ነጭ ናቸው። ብዙ ጊዜ ወፉን የሚያሳብቅበት ይህ ነጭ እንጂ ቀዩ አይደለም።

እግሩም ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣል። ትሮጎኖች ከአራት ጣቶቻቸው ሁለቱን ወደፊት ሁለቱን ወደኋላ ያደርጋሉ። በቀቀንና ግንደ ቆርቁርም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ እነሱ የውጪኛውን ጣት ወደኋላ ሲያዞሩ ትሮጎን የውስጠኛውን ማዞሩ ነው፤ ይህ በሌላ ወፍ ላይ የለም። ይህን እግሩን በጫካ ውስጥ ማንም አያየውም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ እግሩ ደካማ ስለሆነ ትሮጎን አይራመድም፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍም አይሯሯጥም። አረንጓዴና ቀይ ያለበት ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ካያችሁ ሌላ ወፍ ነው።

አደኑን ማወቅ ደግሞ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ያስረዳል። አባጨጓሬ፣ ፌንጣ፣ ጥንዚዛ፣ የእሳት እራት፣ ሸረሪት፣ አንዳንዴም ትንሽ እስስት ይበላል። ሮጦ አያባርርም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰውነቱ ሳይነቃነቅ ራሱ ብቻ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ፣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል። አባጨጓሬ ያየ እንደሆነ ከቅርንጫፉ ወደቅ ብሎ፣ ቅጠሉ ፊት ለአፍታ አየር ላይ ቆሞ፣ ነጥቆ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ነገሩ በሁለት ሴኮንድ ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። የሚራመድ ሰው የሚያገኘው ድንጋዩን ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁለቱን ሴኮንድ ያገኛል።

(ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍራንስዋ ለቫያን ነው። ናሪና በደቡብ አፍሪካ ያወቃት የኮይኮይ ሴት መጠሪያ ነበር።)

ቦታ መምረጥ

ደን ሁሉ ደን አይደለም። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በተተከለበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ብትቆሙ ትርፉ ድካም ነው። ሦስት ነገር የሚገኝበትን የተፈጥሮ ደን ፈልጉ። አንደኛ፣ ከላይ የተጋጠመ የዛፍ ጥላ፤ ሁለተኛ፣ ከጥላው በታች ወፍ ሊበርበት የሚችል ክፍት ቦታ፤ ሦስተኛ፣ ያረጁና ፍልፍል ያለባቸው ዛፎች፤ የሚራባው በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነውና። ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሐረግና ቁጥቋጦ ከመሬት እስከ አናት የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ወፍ የሚወድ ይመስላል፤ ቁጭ ብሎ የሚያድን ወፍ ግን የሚያይበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ሾላና ጥቁር እንጨት ተቀላቅለው ከሥራቸው ጅረት የሚወርድበት ሸለቆ ጥሩ ምልክት ነው። ትልልቅ ዛፎች ጥላ የሚሰጡት የጫካ ቡናም እንዲሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ወንዶ ገነትን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ከሻሸመኔ ቅርብ ነው፤ ከፍል ውሃውና ከደን ኮሌጁ በላይ ባሉት ተዳፋቶች የተፈጥሮ ደን አለ፤ ትሮጎኑም በወፍ ተመልካቾች ዘንድ የታወቀ ነው። በላንጋኖ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የቢሻንጋሪ ደን መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑ ዳገት ለማይችሉ ይመቻል። ሐረና ደን ትልቁና ውቡ ነው። ከሳነቴ አምባ በሪራ በኩል ወደ ዶሎ መና ሲወረድ ከቀርከሃና ከኮሶ በታች፣ ወደ ቡናው እየተጠጋችሁ ስትሄዱ መፈለግ ጀምሩ። በስፋቱ ምክንያት ግን ያለ አስጎብኚ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው አንመክረውም። የካፋ ደኖችም የዚሁ ወፍ አገር ናቸው፤ እዚያ ግን ዝናቡ ስለሚበዛ ተጨማሪ ቀን ያዙ።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ልምምዱን መናገሻ ሱባ ላይ ቢያደርግ ጊዜ ይቆጥባል። እዚያ የሚለማመደው ትሮጎኑን ሳይሆን ነጭ ጉንጩን ቱራኮ ነው። ቱራኮ ከትሮጎን ጋር በብዛት የሚምታታ ወፍ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጠግቦ ያየ ሰው በኋላ አይሳሳትም።

ቦታው ላይ ስትደርሱ የደን ጠባቂዎችን፣ ቡና ለቃሚዎችንና ቀፎ ሰቃዮችን ጠይቁ። የዛፍ ፍልፍል የት እንዳለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ቀይ ወፍ አይታችኋል?» ካላችሁ አሥር ዓይነት ወፍ ይነገራችኋል። ድምፁን አሰሙ። «ሁ-ሁውት፣ ሁ-ሁውት» ብላችሁ ስታስመስሉ የሰማው ሰው ፊቱ ላይ ይታወቃል። ወንዶ ገነትም ሆነ ሐረና አማርኛ የአፍ መፍቻ ያልሆነባቸው አካባቢዎች ስለሆኑ ድምፅ ማስመሰል አስተርጓሚም ይሆናችኋል።

ሰዓትና ብርሃን

ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 11፡45 ላይ በደኑ ጠርዝ ተገኙ። ጥሩው ጊዜ ከ12፡15 እስከ 3፡30 ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሲጨምር ደኑ ዝም ይላል፤ ማታ ከ10 ሰዓት በኋላ ጥቂት ይነቃቃል፤ ለጠዋቱ ግን ምትክ አይሆንም። ወንዱ አብዝቶ የሚጮኸው በመራቢያ ወቅቱ ነው፤ በሌላው ጊዜ ቀኑን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። ከጉዞው በፊት ደውላችሁ በሰሞኑ ድምፁ ተሰምቶ እንደሆነ መጠየቅ ከወር ምርጫ ይበልጣል።

ብርሃኑን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሰው ዓይን በደብዛዛ ብርሃን መጀመሪያ የሚያጣው ቀይን ነው። ጎህ ሲቀድ በዛፍ ጥላ ውስጥ የትሮጎን ሆድ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነው የሚታየው። አረንጓዴውም ቢሆን ላባው ላይ ብርሃን ሲነጥር የሚፈጠር ቀለም ስለሆነ እንደ ማዕዘኑ አንዴ ወደ ሰማያዊ፣ አንዴ ወደ ወርቅማ ይለዋወጣል፤ ጥላ ውስጥ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ቀለም የሚባለውን ከአእምሯችሁ አውጡት። በዚያ ሰዓት ሥራው የጆሮ ነው።

ዕቃና ልብስ

ለደን ውስጥ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ከ10 በ42 ይሻላል። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25፣ ለ10 ስታካፍሉ 4.2 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን ላይ 8ቱ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ የሚጠጋ ብሩህ ምስል ይሰጣል። 10ሩ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያጎላል፤ የሚያሳየውም ቦታ ይጠባል። ያላችሁ 10 በ42 ከሆነ ሌላ ግዙ ማለታችን አይደለም፤ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ።

በሁሉም ባይኖኩላር ላይ የሚሠራው ስህተት አለማስተካከል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት 20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አንድ ቅጠል ምረጡ። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመሃለኛው መዘውር ለግራ ዓይናችሁ አጥሩት። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ መዘውሩን ሳትነኩ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፣ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ጥርት እስኪሉ። ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የምትነኩት መሃለኛውን ብቻ ነው። ደኑ ስትገቡም መዘውሩን 20 ሜትር ላይ አጥርታችሁ ተዉት፤ ወፉ የሚገኘው በዚያ አካባቢ ነው፤ በጭንቀት ሰዓት መዘውር ማሽከርከር ይቀርላችኋል።

ልብስ፦ የደበዘዘ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ። ጠዋት ብርድ ነው ተብሎ ነጭ ጋቢ መደረብ ለሰው ጥሩ፣ ለወፍ ማስታወቂያ ነው። ከቀለም የሚብሰው ድምፅ ነው፤ ሲንቀሳቀሱ የሚንኮሻኮሽ ጃኬት አትልበሱ፣ ቁልፍና ሳንቲም ከኪስ አውጡ፣ የስልኩን ንዝረት ሳይቀር አጥፉ። ረጅም ሱሪና ካልሲ የግድ ነው፤ ሳማ እጅና እግር ይለበልባል፤ ጉንዳን መንገድ ላይ ቆማችሁ ደግሞ አሥር ደቂቃ አለመነቃነቅ አይታሰብም። ከመቆማችሁ በፊት ከእግራችሁ ሥር ያለውን ሁልጊዜ እዩ።

ደኑ ውስጥ

1. ገብታችሁ ቁሙ። ከጠርዙ 50 ሜትር ያህል ገብታችሁ፣ ወፍራም ግንድ ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ 20 ደቂቃ አትነቃነቁ። የቡድኑ ብዛት ከአራት አይበልጥ። የገባችሁበት ኮቴ ወፎቹን ዝም ያሰኛቸዋል፤ ወደ ተግባራቸው የሚመለሱት ከደቂቃዎች በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ ቆሞ የሄደ ሰው ደኑን ያየው ዝም ባለበት ሰዓት ብቻ ነው። ጉሬዛ ካለ ጎህ ሲቀድ የሚያሰማው ረጅም ጉርምርምታ ሁሉን ይሸፍናል፤ እስኪጨርስ ጠብቁ።

2. ድምፁን ለዩ። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል፤ ሁለተኛው ይጠብቃል፦ ሁ-ሁውት… ሁ-ሁውት… ሁ-ሁውት። ሲጀምር ከመለስተኛ ማጉረምረም አይበልጥም፤ እየደጋገመ፣ ድምፁን እያጎላ ይሄድና በድንገት ያቆማል። ቁልፉ «እየጎላ፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ» የሚለው ነው። የዋኖስና የርግብ ድምፅ ለስለስ ያለ ነው፤ አንዳንዶቹ የደን ርግቦች ቀስ ብለው ጀምረው እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ ትሮጎን አይፈጥንም። ቱራኮ እንደ ጩኸትና እንደ ማንኮራፋት ያለ ሻካራ ድምፅ አለው፤ ጥንድነት የለውም። በስልክ የሚሠሩ የወፍ ድምፅ መለያዎች ይረዳሉ፤ የስልክ ማይክራፎን ዝቅ ያለና የራቀ ድምፅ በደንብ ስለማይቀበል ግን «አልተገኘም» ቢላችሁ አትመኑት።

3. አቅጣጫውን በሁለት እንጨት ያዙ። ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነው፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ያሳስታል። ወፉ ራሱን ሲያዞር ቅርብ ያለው የራቀ፣ የራቀው የቀረበ ይመስላል። ስለዚህ ርቀቱን አትገምቱ፤ አቅጣጫውን ብቻ ውሰዱ። መዳፎቻችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ እንደ ጽዋ አድርጋችሁ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እኩል የሚሰማበት ፊታችሁ ያለበት አቅጣጫ ነው። ከመሬት አንድ ደረቅ ጭራሮ አንሱና ጫፉን ወደዚያ አድርጋችሁ መንገዱ ላይ አስተኙት። አሁን በመንገዱ ላይ ከ30 እስከ 40 እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ፤ እንደገና ሲጮህ ሁለተኛ ጭራሮ አስተኙ። ሁለቱ ጭራሮዎች የሚጠቁሙት መስመር የሚገናኝበትን ዛፍ ፈልጉ። ይህን ያላደረገ ሰው ድምፁን ተከትሎ በቀጥታ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ከወፉ ሥር አልፎ ይሄዳል።

4. በሰያፍ ተጠጉ። ወደ ተገመተው ዛፍ ቀጥታ አትሂዱ፤ በስተጎን የምታልፉ አስመስላችሁ ሂዱ። ሲጮህ ተራመዱ፣ ሲያቆም ቁሙ። እግራችሁን በተረከዝ ሳይሆን በውጪኛው ጠርዝ አሳርፉ፤ ደረቅ ቅጠል ያለበትን ትታችሁ እርጥቡን ምረጡ። እስከ 20 ሜትር ድረስ ይበቃል። መነጋገር ካስፈለገ በሹክሹክታ ሳይሆን ዝቅ ባለ ወፍራም ድምፅ ይሁን፤ የሹክሹክታ «ስ» እና «ሽ» ርቆ ይሰማል።

5. ሁለተኛውን ፎቅ ፈትሹ። ደኑን እንደ ሕንፃ አስቡት፦ መሬቱ ምድር ቤት፣ የዛፉ አናት ጣሪያ። ትሮጎን የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በመካከል፣ ከ5 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቅጠል ባልበዛበት አግዳሚ ቅርንጫፍ ነው። መጀመሪያ በባዶ ዓይን እዩ። ከግንዱ ጀምራችሁ ወደ ጫፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው። የምትፈልጉት አግዳሚውን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ቅርንጫፍ ወደ ጎን፣ ትሮጎን ወደ ታች። ከሥር ነጭ ሰንበር ወይም አንገት አልባ ክብ ራስ ካያችሁ ዓይናችሁን ከዚያ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ወደ ታች አይቶ ባይኖኩላር የሚያነሳ ሰው ቦታውን ያጣዋል።

አሥር ደቂቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ወደፊት አትሂዱ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ብቻ ሂዱና ያንኑ ዛፍ እንደገና ፈትሹ። ሦስት እርምጃ ሙሉ በሙሉ ሌላ መስኮት ይከፍታል። ወፉ ጀርባውን ሰጥቷችሁ ከሆነም መፍትሔው መጠጋት ሳይሆን መዞር ነው፤ ያንኑ 20 ሜትር ርቀት ጠብቃችሁ ሩብ ክብ ያህል ቀስ ብላችሁ ዙሩ።

6. አትጠቁሙ። ያየ ሰው ክንዱን ሲዘረጋ ወፉ ይበራል፤ በቡድን የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥራችሁ ተናገሩ፦ «ሁለት የተከፈለው ግንድ፣ 2 ሰዓት ላይ፣ ከሐረጉ ሥር።» ከውጭ አገር ሰው ጋር ብትሆኑም ይሠራል፤ የሰዓት አቆጣጠራችን በስድስት ሰዓት ቢለያይም የሰዓቱ ፊት ላይ 2 ያለችበት ቦታ አንድ ነው።

7. ሲበር ቁሙ። ቢበርም አትከተሉት። ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም፤ በደኑ ውስጥ ጥቂት ርቆ ያርፋል። የሄደበትን መስመርና የመጨረሻ ያያችሁበትን ዛፍ ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ከ4ኛው እርምጃ ጀምሩ። ወዲያው ስትከተሉት ግን ሁለተኛው በረራ ይረዝማል፤ ከሦስተኛው በኋላ ያን ጠዋት አታገኙትም።

ሲጮህ ካገኛችሁት ቶሎ አትሂዱ። ወንዱ ሲጮህ ጉሮሮው ይነፋል፤ በላባዎቹ መካከል ሰማያዊ አረንጓዴ ቆዳ ብቅ ይላል፤ ምንቃሩ እምብዛም አይከፈትም። መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ይህን አያሳይም። ከዓይኑ ሥር ያለውን ባዶ ቆዳም ያኔ ነው በደንብ የምታዩት።

ትሮጎን የሚመስሉት

ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ይበልጣል፤ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቅርንጫፍ ላይ ይሮጣል፣ ዓይኑ አካባቢ ነጭ ምልክት አለው፣ ቀዩም ሆዱ ላይ ሳይሆን ክንፉ ውስጥ ስለሆነ የሚታየው ሲበር ነው። «ሲበር ቀይ አየሁ» ብቻ የሚል ሰው ያየው ቱራኮ ነው ብላችሁ ብትወራረዱ አትከስሩም። አረንጓዴው ኩኩ ሆዱ ቢጫ ነው፤ የሚጮኸውም ከዛፍ አናት ነው። ጥቁር ክንፏ ትንሿ በቀቀን ደግሞ ጭራዋ አጭር፣ ቀዩ ምንቃሯና የወንዱ ግንባር ላይ ነው፤ በቡድን እየጮኸች በፍጥነት ታልፋለች። ሴቷን ትሮጎን የሚያምታታ ወፍ በኢትዮጵያ ደን ውስጥ የለም፤ ችግሯ መደብዘዟ ነው፤ ወንዱን ካገኛችሁ በአካባቢው እሷን ፈልጉ።

የተቀዳ ድምፅ ስለማጫወት

ብዙ አስጎብኚዎች በስልክ ድምፁን አጫውተው ወፉን ይጠራሉ። በኛ ግምት ባይደረግ ይሻላል፤ እንደ ወንዶ ገነት ባሉ ብዙ ጎብኚ በሚመጣባቸው ቦታዎች ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ወንዱ ድምፁን የሚሰማው ግዛቱን ሊነጥቀው የመጣ ባላንጣ አድርጎ ነው፤ አደኑንና ጎጆውን ትቶ ይመጣል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ወይ ይደክማል ወይ ቦታውን ይለቃል። ሥነ ምግባሩን እንኳ ብንተወው ዘዴው ራሱ ይከሽፋል፦ የተጠራ ትሮጎን እየጮኸ አይመጣም፤ ዝም ብሎ መጥቶ ከጀርባችሁ ይቀመጣል። ሁሉም ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው እያየ ወፉ ከኋላ አይቷቸው ይሄዳል። አስጎብኚያችሁ ማጫወት ቢጀምር በትሕትና «ይቅር፣ እንጠብቃለን» በሉት፤ ብዙዎቹ የሚያጫውቱት እንግዳው ይቸኩላል ብለው ነው።

ፎቶ

ወፉ ስለማይንቀሳቀስ ከሌሎች የደን ወፎች ይቀልላል። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 6400፣ ፍጥነቱ 1/160 ሴኮንድ አካባቢ፣ ካሜራው በትራይፖድ ወይም በግንድ ተደግፎ። ሁለት ነገር ፎቶውን ያበላሻል። አንደኛው ከጀርባው ያለው ነጭ ሰማይ ነው፤ ካሜራው ወፉን ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ የፀሐይ ጨረር ሆዱ ላይ ሲያርፍ ቀዩ ከመጠን በላይ ይበራና ላባው ተለይቶ የማይታይ ቀይ ጥፍጥፍ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ዝቅ አድርጉ። ፍላሽ አትጠቀሙ።

ጎጆ ካጋጠማችሁ

ወፉ አባጨጓሬ በምንቃሩ ይዞ ሳይበላ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ወይም ወደ አንድ ዛፍ ደጋግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ጎጆ አካባቢ ቆማችኋል ማለት ነው። ምግቡን ይዞ የሚጠብቀው እናንተ እስክትሄዱ ነው። ዕንቁላሎቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት፣ ነጭ ናቸው፤ ወንዱና ሴቷ ተፈራርቀው ይታቀፋሉ። ፍልፍሉን በስልክ መብራት ለማየት አትሞክሩ፤ ከዚያ ቦታ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ። ሥፍራውንም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ።

ማስታወሻ

ባያችሁበት ቅጽበት እንጂ ማታ ሆቴል ገብታችሁ አትጻፉ። ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ወፉ ከመሬት ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ስንት ጊዜ በተከታታይ እንደጮኸ መዝግቡ። ሰምታችሁ ካላያችሁትም «ተሰማ» ብላችሁ ጻፉ፤ ኢበርድ (የወፍ ምልከታ የሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ ለማስገባት መስማት ይበቃል። የጭራሮዎቹን አቅጣጫም በስልክ ኮምፓስ ለክታችሁ ቁጥሩን አስቀምጡ። ጥንዶቹ በአንድ አካባቢ ስለሚቆዩ ዛሬ ያጣችሁት ወፍ ነገ በዚያው ሸለቆ የመጮህ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በማግስቱ 11፡45 ላይ ሌላ አዲስ ደን ከመሞከር ይልቅ ትናንት ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙበት ዛፍ 20 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ።